የፕላስቲክ ቧንቧን በኋላ ለማግኘት ምን ሽቦ ይቀበር? ለድሬዳዋና ለሐረር የሚሆን ንጽጽር

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። ባለ 90 ሚሊ የፕላስቲክ ቧንቧ በኤክስካቫተር ተመታ። ውሃው ወደ ላይ ተፈናጠረ፣ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ወጣ፣ እኛ አካፋ ይዘን ደረስን። ቫልቩ ተዘጋ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ቧንቧው ከዚህ ወዲያ በየት በኩል ነው የሚሄደው?

አብሮት ሽቦ ተቀብሯል። ይህን በደንብ አውቃለሁ፣ ሲቀበር ነበርኩ። መፈለጊያ ማሽኑን አገናኘነው። ለ60 ሜትር ያህል ድምፁ ጥርት ብሎ ሄደና እልም አለ። ከዚያ በኋላ በዳበሳ ሰባት ጉድጓድ ቆፈርን። ሽቦው የተቋረጠበት ቦታ ሲገኝ መጋጠሚያው በናስትሮ እንደተጠቀለለ ነው። ናስትሮውን ስልጠው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። የጠቀለልኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ "ምን ሽቦ ልግዛ?" የሚለኝ ሰው ካለ መልሴ ረዘም ይላል። ይህ ጽሑፍ ያው ረዥሙ መልስ ነው።

ሽቦው የሚሠራው እንዴት ነው?

የድሮው የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ብረት ስለሆነ ሲግናል ራሱ ይሸከማል። ፕላስቲክ አይሸከምም። አንዴ ከተቀበረ ማሽኑ አያየውም። ስለዚህ ከጎኑ ሽቦ እናስተኛለን፤ ባለሙያው "ትሬሰር" የሚለው እሱን ነው።

ማሽኑ ሁለት ክፍል አለው፦ ላኪና ተቀባይ። የላኪው አንዱ ገመድ ከሽቦው ጫፍ ጋር ይያያዛል፣ ሌላው መሬት ላይ ከተተከለ አጭር ዘንግ ጋር። ጅረቱ በሽቦው ሄዶ በአፈር በኩል ይመለሳል። ተቀባዩን የያዘው ሰው በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረውን መግነጢሳዊ መስክ እያዳመጠ ከላይ ይራመዳል። "በአፈር በኩል ይመለሳል" የምትለዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

መስፈርቶቹ

ከሁሉ በፊት ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መኖር አለበት። ለ1 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ሽቦ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከዚያ ወዲያ ያለው ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። ለመበጠስ ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ቦዩ ውስጥ ሲጎተት፣ ድንጋይ ሲወድቅበት፣ አፈሩ ሲሰምጥ፣ ጎርፍ ሲያጥበው። የድሬዳዋን ወንዝ ደቻቱን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ይመስላል፣ ከላይ ከተራራው ዝናብ ሲወርድ በሰዓታት ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ድሬ አልረሳችም።

ቀጥሎ ሽፋኑ ነው። የሽቦው ልባስ እርጥበት የማያስገባ፣ በድንጋይ የማይላጥ መሆን አለበት። ለቀጥታ ቀብር የተሠራ ትሬሰር የፖሊኤትሊን ልባስ ይለብሳል፤ ለተራ ቦይ የሚመረተው ልባስ ውፍረት 0.75 ሚሊ ገደማ ነው፣ ከመሬት በታች በመሰርሰሪያ ለሚጎተተው ደግሞ ከ1 ሚሊ ይበልጣል።

ሦስተኛው ስርቆት ነው። መዳብ ዋጋ አለው። ቦዩ ሳይሞላ ያደረ የመዳብ ሽቦ ጠዋት በቦታው ላይገኝ ይችላል። ቆራሌው የሚገዛውንና የማይገዛውን ሌባው በደንብ ያውቃል።

ዋጋን በመጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። የሽቦውን የሜትር ዋጋ ለብቻው አትዩት። ከቦዩ የሜትር ቁፋሮ፣ ከኮብልስቶኑ መንቀልና መልሶ መትከል አጠገብ አስቀምጡት። ያኔ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ይታያችኋል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ።* ሳይት ላይ ሁልጊዜ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይህን ያስተኛል። ልባስ የለውም። ሲግናሉን በመንገድ ላይ ለአፈሩ እያፈሰሰ ስለሚሄድ ርቆ አይሄድም። ደግሞም ይዝጋል፤ እርጥብ ቦታ ላይ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቡናማ መስመር ብቻ ይቀራል። ለሽቦነት ሳይሆን ለህሊና ዕረፍት የሚቀበር ነው ብል አላጋነንኩም።

*የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ 2.5 ካሬ።* ድሬ ውስጥ በፈለጋችሁት ሰዓት የምታገኙት ይህን ነው። ሱቅ ገብታችሁ "ትሬሰር" ብትሉ ሻጩ ትኩር ብሎ ያያችኋል፤ ከዚያ "አቦ፣ ሽቦ ሽቦ ነው!" ብሎ ይህን ያወጣል።

ፍትሐዊ እንሁን፦ ይሠራል። መዳብ ነው፣ ሲግናል በደንብ ይሸከማል። ችግሩ ልባሱ ነው። ፒቪሲው በግድግዳ ውስጥ በኮንዱይት (በሽቦ ቱቦ) እንዲያልፍ እንጂ በቀጥታ አፈር ውስጥ እንዲቀመጥ አልተሠራም። ቦዩ ሲሞላ ስለታም ድንጋይ ያለበት አፈር ከተደፋበት ይጫራል። በተጫረበት በኩል እርጥበት ይገባል፣ ሲግናሉም በዚያው ይወጣል። ሁለተኛው ችግር ጥንካሬው ነው። ለስላሳ መዳብ ስለሆነ ባለ 2.5 ካሬው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ገደማ ሲሳብ ይበጠሳል። ሁለት ጎረምሳ ተረባርበው ቢጎትቱት ያንን ኃይል ያመጣሉ።

የምትገዙት ከሆነ አንድ ወጥ ዘንግ ያለውን ግዙ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ተዉት። ክሩ እርጥበት እንደ ፈትል ይስባል፤ አንድ ጫፍ ላይ የገባ ውሃ ብዙ ሜትር ውስጥ ለውስጥ ይጓዛል። ከ2.5 ያነሰም አትውረዱ፤ ባለ 1.5ቱ ሲግናል ባያጣም ለመሳብ በጣም ቀጭን ነው። ቀለሙንም አስቡበት። አሜሪካኖች ለመጠጥ ውሃ ሰማያዊ፣ ለፍሳሽ አረንጓዴ፣ ለጋዝ ቢጫ፣ ለኤሌክትሪክ ቀይ፣ ለቴሌኮም ብርቱካናማ ይጠቀማሉ። እናንተም ከውሃ ቧንቧ ጋር ሰማያዊ ቅበሩ። ቀይ ከቀበራችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚቆፍረው ሰው ኤሌክትሪክ መስሎት ይደነግጣል፤ ይባስ ብሎ "ባለፈው ቀይ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም" ብሎ እውነተኛውን ይነካል።

*ለቀብር የተሠራ የመዳብ ትሬሰር።* ውስጡ ያው መዳብ ነው፣ ልባሱ ግን ፖሊኤትሊን። ለስላሳ ስለሆነ ጥግ ላይ ይታዘዛል፤ አፈሩ ቀስ ብሎ ሲሰምጥ ትንሽ ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይበጠስም። ይህ ጥቅም ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ውድ ነው፣ ሌባም ይወደዋል።

*መዳብ የለበሰ ብረት።* መሐሉ ብረት፣ ዙሪያውን ስስ መዳብ፣ ከላይ ፖሊኤትሊን። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ብዙውን ጊዜ የምይዘው ይህን ነው። ምክንያቱን ግን ማስረዳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ሻጭም መሐንዲስም "ንጹህ መዳብ አይደለም እኮ" እያለ ይከራከራል።

ክርክሩ እውነት አለው። የተለመደው ዓይነት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የንጹህ መዳብ 21 በመቶ ያህል ነው። ባለ 2.5 ካሬ መዳብ በ1 ኪሎ ሜትር 7.4 ኦም ገደማ ይቃወማል፤ በጥቅሉ ላይ "12 ቁጥር" ተብሎ የሚጻፈው መዳብ የለበሰ ብረት ደግሞ 25 ኦም ገደማ። ሦስት እጥፍ በላይ ነው። በወረቀት ላይ መዳብ አሸነፈ።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡ። ጅረቱ የሚመለሰው በአፈር ነው። በደረቅ የድሬ አሸዋ ላይ የተተከለ አጭር ዘንግ ብቻውን መቶዎች ኦም ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ጎን 7 ይሁን 25 ምን ልዩነት አለው? በተጨማሪም ማሽኑ የሚልከው የቤት መብራት ዓይነት 50 ኸርዝ አይደለም። 8 ወይም 33 ኪሎኸርዝ የተለመደ ነው። ድግግሞሹ ሲጨምር ጅረቱ ከሽቦው መሐል ወደ ቆዳው ይወጣል፣ ቆዳው ደግሞ መዳብ ነው።

ጥንካሬው ነው ዋናው። 12 ቁጥሩ ከ200 ኪሎ በላይ ሲሳብ ይችላል። ለመሰርሰሪያ የሚሠራው ልዩ ዓይነት ደግሞ 500 ኪሎ ይደርሳል። መንገድ ሳይቆረጥ ቧንቧ በታች የሚጎተት ከሆነ ከዚህ ሌላ አትሞክሩ። ስርቆትንም በተመለከተ፣ መዳቡን ከብረቱ መለየት ስለማያዋጣ ቆራሌው ፊቱን ያዞራል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነጥብ ነው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ግትር ነው፤ ጥቅሉ ሲፈታ እንደ ምንጭ ብረት ተስፈንጥሮ ፊት ይመታል፣ ስለዚህ መነጽር አድርጉ። እንደ ለስላሳ መዳብ አይለጠጥም፣ ስለዚህ ቦዩ ውስጥ ወጥሮ ማስተኛት ስህተት ነው። ሲላጥ ደግሞ ይቀየማል፦ ቢላዋ ስሱን መዳብ አልፎ ብረቱን ካገኘው ዝገቱ ከዚያች ጭረት ይጀምራል። ሽቦ መላጫ ይዛችሁ ግቡ፣ በጥርስና በቢላዋ አይሆንም።

*ፎይል ያለው የማስጠንቀቂያ ሪባን።* ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ውስጡ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ላዩ ላይ "ተጠንቀቁ" የሚል ጽሑፍ። ከቧንቧው 30 ወይም 40 ሳንቲ ከፍ ብሎ ይቀበራል። አካፋው ቧንቧውን ከመምታቱ በፊት ሪባኑ ብቅ ይላል፣ ቆፋሪው ይቆማል። በዚህ ሥራው አቻ የለውም። እንደ ትሬሰር ግን ደካማ ነው። ፎይሉ ሲጎተት ውስጥ ለውስጥ ይቆረጣል፣ ፕላስቲኩ ደህና ስለሚመስል ማንም አያውቅም። አንዱን ጥቅል ከሌላው ጋር በኤሌክትሪክ ማገናኘትም አስቸጋሪ ነው። ማሽኑ የሚነግራችሁ ጥልቀትም የሪባኑን እንጂ የቧንቧውን አይደለም። ስለዚህ ከሽቦ ጋር እንጂ በሽቦ ፋንታ አትግዙት።

*የሚቀበር ኤሌክትሮኒክ ምልክት።* እንደ ኳስ ያለ፣ ባትሪ የሌለው ነገር ነው። መስመሩን አያሳይም፣ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው፦ ጥግ፣ ቅርንጫፍ፣ የተቀበረ ቫልቭ። የራሱ ማንበቢያ ማሽን ይፈልጋል። ማሽኑ ለሌለው ሰው ውድ ኳስ ነው።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ሲግናል | ሲሳብ | በአፈር ውስጥ | ስርቆት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ | ደካማ | መካከለኛ | ይዝጋል | የለም | በጣም ርካሽ |
| የቤት ሽቦ 2.5 ካሬ | ጥሩ | ደካማ | ልባሱ ይጫራል | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| መዳብ ትሬሰር | በጣም ጥሩ | ደካማ፣ ግን ይለጠጣል | ጥሩ | ከፍተኛ | ውድ |
| መዳብ የለበሰ ብረት | ጥሩ | በጣም ጠንካራ | ካልተጫረ ጥሩ | ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ በትዕዛዝ |
| ፎይል ሪባን | የማያስተማምን | በጣም ደካማ | ፎይሉ ይቆረጣል | የለም | ርካሽ |
| ኤሌክትሮኒክ ምልክት | ነጥብ ብቻ | አይመለከተውም | ጥሩ | ዝቅተኛ | ውድ |

ከሽቦው ይልቅ መጋጠሚያው

ሰንጠረዡን አይታችሁ ጥሩውን ሽቦ ብትገዙና መጋጠሚያውን በናስትሮ ብትጠቀልሉ የእኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። ሞርሴቶም (በብሎን የሚጠብቀው የሽቦ ማገናኛ) አይበቃም፤ ለጣሪያ ሳጥን እንጂ ለእርጥብ አፈር አልተሠራም። የሚያስፈልገው ውስጡ የሲሊኮን ጄል የተሞላ፣ ለቀጥታ ቀብር የተሠራ ማያያዣ ነው። ከሽቦው ጋር አብራችሁ እዘዙት። ለብቻው በኋላ እገዛለሁ ያለ ሰው ሲገዛ አላየሁም።

ለየቤቱ ቅርንጫፍ ሲወጣ ዋናውን ሽቦ አትቁረጡት። ዋናው ሳይቆረጥ የቅርንጫፉን ሽቦ የሚያቅፍ ማያያዣ አለ። ሽቦውን ከቧንቧው ጎን በየ2 ወይም 3 ሜትሩ በፕላስተር ያዙት፣ እንደ እባብ ግን አትጠምጥሙት። በየቫልቭ ሳጥኑ ላይ ጫፍ አውጡ፤ በረዥም መስመር ላይ ከ150 እስከ 300 ሜትር ባለው ርቀት ማሽኑ የሚያያዝበት መገናኛ ቢኖር ጥሩ ነው። መስመሩ በሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ሽቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከትንሽ የማግኒዚየም ዘንግ ጋር አያይዛችሁ ቅበሩት። መመለሻ ያላገኘ ጅረት አይሄድም።

ቦዩ ተሞልቶ ኮብሉ ከመተከሉ በፊት ማሽኑን አምጥታችሁ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ሂዱት። ቴስተር ብቻ ይዞ "ድው" አለ ብሎ መፈረም በቂ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለማን የትኛው?

ለጊቢ፣ ለትንሽ አትክልት ቦታ፣ ከ100 ሜትር ለማይበልጥ መስመር፦ ባለ 2.5 ካሬ ሰማያዊ አንድ ወጥ ሽቦ ይበቃችኋል። አንድ ጥቅል 100 ሜትር ስለሆነ መሐል ላይ መጋጠሚያ አይኖርም፣ ትልቁ ችግር በዚሁ ተወገደ ማለት ነው። መጀመሪያ በወንፊት የተነፋ አፈር አልብሱት፣ ከዚያ ድንጋያማውን ድፉ። ሽቦውም የማይገዛ ከሆነ የሚከተለውን አድርጉ፦ ቦዩ ክፍት እያለ ከማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከአጥር ጥግና ከበር ምሰሶ፣ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። በስልክ ጂፒኤስ ብቻ አትተማመኑ፣ ብዙ ጊዜ በሜትሮች ይስታል።

ለሰፈር ማከፋፈያ መስመር፣ ለኮንዶሚኒየም፣ ለፋብሪካ ጊቢ፦ መዳብ የለበሰ ብረት፣ 12 ቁጥር፣ ሰማያዊ ልባስ፣ ከላይ ሪባን። ጊዜ ከሌላችሁና ትዕዛዙ ካልደረሰ ባለ 4 ካሬ የቤት ሽቦ አስተኙ፣ ግን በዚያው ቀን ሙሉት። ማታ ክፍት የሚያድር ከሆነ ዘበኛ ይደር።

ደቻቱን ወይም ሌላ ደረቅ ወንዝ ለሚያቋርጥ መስመር ዋጋ አትከራከሩ። ጠንካራውን የብረት ዓይነት፣ ከቧንቧው ጋር በአንድ መከለያ ቱቦ ውስጥ፣ ልል አድርጋችሁ አሳልፉት። በሁለቱም ዳርቻ መገናኛ አውጡ፤ ጎርፍ አንዱን ዳር ቢወስድ ከሌላው ወገን ትፈልጋላችሁ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ነገሩ ይለያል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድሮ የተቀበረ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከአዲሱ ፕላስቲክ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይተኛል። እዚያ ከፍተኛ ድግግሞሽ ከላካችሁ ሲግናሉ ወደ ጎረቤት ብረት ይዘላል፤ ማሽኑ በልበ ሙሉነት የሌላ ሰው ቧንቧ ያሳያችኋል። ስለዚህ በ8 ኪሎኸርዝ ወይም ከዚያ በታች ጀምሩ፣ ሽቦውም ልባሱ ያልተጫረ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ይረሱታል፦ የተበላሸ የብረት ቧንቧ መሐል ላይ በፕላስቲክ ሲጠገን ብረቱ ለሲግናል ይቆረጣል። በጥገናው ላይ አንድ ሁለት ሜትር ሽቦ ብረቱን ከብረቱ ጋር አገናኝታችሁ እለፉ። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀባት ወዲህ ሐረር ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ የሚገፋ ውሃ ትጠጣለች። እዚያ የሚፈስ እያንዳንዱ ጀሪካን ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው፣ ቶሎ መዝጋት ያዋጣል።

አንድ የሥራ ምስጢር ልጨምር፣ በተለይ ለድሬ ሰው። ማሽኑን አገናኝታችሁ ድምፁ ደካማ ከሆነ ሽቦውን ከመስደባችሁ በፊት የመሬት ዘንጉን እዩ። በደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ ይሆናል። ዘንጉን ከመስመሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ በተለይ ወደ ጎን፣ ተክላችሁ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ሥሩ ላይ አፍስሱና እንደገና ሞክሩ።